ቁጥር አንድ

በኦውሉ ከተማ፣ በኅዳር አጋማሽ፣
ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሲሸሽ፣
የመጀመሪያዬን ወተት ልገዛ ወጣሁ፤
ከላሟ ሥዕል በቀር የማውቀው ፊት አጣሁ።
ማታ ካጃ ገንፎ ጋር ስቀምሰው ጎመዘዘ፤
አሬራ ኖሯል ለካ! አፌ ደነዘዘ።
ላሟን አልወቅሳትም፤ እሷ መች ዋሸችኝ?
ጎኗ ላይ ጽፋ ነው በግልጽ የሸጠችኝ።

እኔ ናርሲሳ ነኝ፣ የማቻላ ልጅ፣ የሙዝ አገር፣
ዓሣ ያለ ጩኸት ከማይሸጥበት ሰፈር።
ዶኛ ኤውላሊያ በክርኗ ስትጫን ሚዛኑን፣
እኔ ደግሞ በጣቴ ከታች ስደግፍ ሳህኑን፣
ተሰዳድበን፣ ተሳስቀን፣ የልጆቿን ጤና ጠይቄ፣
ግማሹን ከፍዬ፣ ግማሹን ጡቴ ሥር ደብቄ፣
ልሄድ ስል ትጠራኛለች፤ «ነይ እንጂ፣ ምርቃት!»
ትጥልልኛለች አንድ ሎሚ፣ ደስ ካላት ሁለት።

እዚህ ዋጋው ተጽፎ ነው የሚጠብቀኝ፤
የሚከራከረኝ የለም፣ የሚለማመጠኝ።
ሰው ከሰው ሁለት ክንድ ርቆ ይሰለፋል፤
በእኔ ሽንኩርትና በሽማግሌው ዳቦ መሃል
አንዲት የፕላስቲክ ዱላ ትጋደማለች፣
ኬላ ሳይኖራት፣ ወታደር ሳያሻት ድንበር ናት፣ ትከበራለች።
ሽንኩርቴ አንዴ ተንከባሎ ተሻገረ፤
ሽማግሌው በሁለት ጣት መለሰልኝ፣
ቀና ብሎ ግን አላየኝ።

የገንዘብ ተቀባይዋ ስም ደረቷ ላይ ነው፤ ቱሊኪ።
በሁለት ወር ያለችኝ ይኸው ነው፦
ሰላም። ድምሩ። ሰላም።
መምጣትም መሄድም በአንድ ቃል የሚከፈልበት አገር ነው።

አንድ ቀን ሙዝ አምሮኝ አንድ እጅ አነሳሁ።
ለካ እዚህ ገዢው ነው የሚመዝነው፣
ቁጥሩን ተጭኖ፣ ወረቀት ለጥፎ ነው የሚያቀርበው።
ራቁቱን ይዤው ቀረብኩ።
ቱሊኪ አየችው። አየችኝ። ተነሳች።
ሙዙን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ሚዛኑ ሄደች።
ማቻላ ቢሆን ስድቡ እናቴ ዘንድ በደረሰ፤
እዚህ ሰባት ሰው ከኋላዬ ቆሞ አንድም አልተነፈሰ።
ምነው በሰደቡኝ! ስድብ እመልስ ነበር፤
ዝምታን በምን ቋንቋ ነው የሚመልሱት?

ተመልሳ አንድ ጣቷን አቆመችልኝ፤
የሙዝ ቁጥሩ አንድ ነው።
ያኔ አየሁት፣ ልጣጩ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት፤
በደቃቅ ፊደል ያገሬ ስም አለበት።
እኔ ለመኖሪያ ፈቃድ አሥራ አንድ ወር ቆጠርኩ፣
አሻራ ሰጠሁ፣ ሳንባዬን ሳይቀር አስነሣሁ።
እሱ በመርከብ ተኝቶ መጥቶ
ቁጥር አንድ ሆኖ ተቀምጧል።
ቀናሁበት። ቤት ገብቼ በላሁት።

ጥር ላይ፣
ትምህርት ቤቱን ጠርጌ፣ ጓንቴን አውልቄ ሳልጨርስ፣
ሱቁ ገባሁ። ሙዜን መዘንኩ፤ አንድን ተጫንኩ፤ ለጠፍኩ።
አሬራውንም አነሳሁ፤ ዛሬ አውቄ ነው።
ሰላም። ድምሩ። ሰላም።
ፊቴን ሳዞር፣
«ያዳልጣል» አለች ቱሊኪ፣ በሩን በአገጯ እያሳየች።

አንድ ቃል። ደረሰኙ ላይ የለችም፣ አልተከፈለባትም።
በሩ ጋ ቆሜ በልቤ መዘንኳት፤
ያንን ሎሚ ታህላለች። ምናልባት ትበልጣለች።

ወጣሁ፤ እውነትም ያዳልጣል።
ልጣጩን እንኳ ሳልረግጥ ከነሙዜ ተዘረርኩ።
የዳቦው ሽማግሌ እንደ ዳክዬ እየተንደባደበ መጣ፣
አንድ ባንድ ለቀመ፣ በረዶውን በእጅጌው ጠረገ፣
አስታቀፈኝ። ምንም አላለም።
እኔም ምንም አላልኩም።
ትንሽ ቆምን፤
ያፋችን እንፋሎት ተቀላቅሎ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ማታ እህቴ ደወለች። «ሰዎቹስ እንዴት ናቸው?»
ጉልበቴን እያሸሁ ጥቂት አሰብኩና
«አሬራቸው ጥሩ ነው» አልኳት።