ጥቁሩን ይዤ

ነጩ የአራጋው ነው፣ ዕጣም አናወጣ፤
ጥቁሩን ደርድሬ፣ እሱ እስኪመጣ፣
ቧንቧ ውሃ ማዶ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ፣
ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ልክ እንደ ባለዕዳ።
ከጦሳ የወረደው ጉም ወንበር ስቦ፣
ጨዋታውን ያያል ከሰው ተደርቦ።
አንዱ ፈረሴ ጠፍቶ ቆርኪ ተክቶታል፤
ቆርኪውም ሰንብቶ መዝለሉን ለምዶታል።

አራጋው ወታደሩን ሁለት ቤት ገፋ፣
መሐል ሜዳ አቁሞት ደረቱን ነፋ።
ወጉማ መልሱ ፊት ለፊት መግጠም ነው፤
እኔ ግን ከቀኝ ዳር ሁለተኛውን
አንዲት ቤት ገፋሁት፣
በሩን ገርበብ አርጎ መንገድ እንደሚያይ ሰው።
«ምን ነካው ይኼ ልጅ? መሐሉን ለቀቀ!»
ይማም ልብስ ሰፊው ከት ብሎ ሳቀ።

እብሬን አያውቁትም።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌት ዘበኛ፣
ሁሉም ሲያንቀላፋ እሱ የማይተኛ።
ሜዳውን በከሰል ካርቶን ጀርባ ላይ
አስምሮ አስተማረኝ፦ «አንተ ከሩቅ እይ።
መሐሉን ተውላቸው፣ ቤት ይሥሩ፣ ይጠሩበት፤
አንተ ሐረጎ ላይ ቁም፣ ቁልቁል እይበት።»
ያን ሾጣጣ ጠጠር
እብሬ «ሼሁ» ይላል፣ አራጋው «ጳጳሱ»፤
በሁለቱም ቢጠሩት ሰያፍ ነው መልሱ።

ሼሁን ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩት፤ ዝም አለ።
ለሃያ እርምጃ ያህል የሌለ መሰለ።
ነጩ ሰፋ፣ ሰፋ፤ ሜዳው ሁሉ የሱ፣
ወታደሮቹ ግን ኋላ ማየት ረሱ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤
ሼሁ ብድግ አለ፣
ሐረጎን ቀጥ አርጎት ቁልቁል ተወረወረ፣
የነጩን ግንብ በላ።
ይማም ሻዩን ረሳ።
አራጋው ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ፣
ውስጡን አየት አርጎ መልሶ አጠለቀ።

ግን አላሸነፍኩም።
ደስታ አሰከረኝና
ቆርኪው ፈረስ መሆኑን እኔው ዘነጋሁት፤
አራጋው ሲያነሣው ነው ፈረስ ሆኖ ያየሁት።
ከዚያ ወዲያ ያለው ቀብር ነው፣ አልናገር።
ሌሊቱን ያቺን ቤት ጣሪያው ላይ ሳያት አደርሁ።

በማግሥቱ ስደርስ አራጋው ቀድሞኛል፤
ቦርዱን አዙሮታል፣
ጥቁሩን ደርድሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።
«ነጩን ዛሬ አንተ ያዝ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፤
ጣቱ ከቀኝ ዳር ሁለተኛው ላይ
ገና ካሁኑ ይላወሳል።
አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ብቻ የያዘ
እጄ ነጩ ጋ ሲደርስ አየር ላይ ፈዘዘ።
«ሂድ እንጂ» አለ ይማም።
ወዴት?