ጨው በፈረንጅ አራዳ

ለሦስት ወር ነው ያለው፣ ስታማቲ ሲመጣ፣
ከቡና መፈልፈያው፣ የሞተ ሞተር ሊያወጣ፤
አሥራ አንድ ክረምት ሆነው፣ ከጅማ አልወጣ።

ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ከአባቴ ግቢ ጓሮ፣
አንድ መስኮት ያላት ክፍል፣ የዛገ ቆርቆሮ፣
አቮካዶ ሲወድቅባት፣ ሌሊት እንደ ከበሮ።

አገሩ ትንሽ ከተማ፣ ባሕር ደጇን የሚልሳት፣
ድመትና ደወል፣ ዓሣና ነፋስ ያላት፤
«ሰው ሁሉ ዘመድ» ይላል፣ «ሰው ሁሉ ያውቅሃል፣
እዚህ ብታስነጥስ፣ ከማዶ ይማርህ ይሉሃል።»
አባቴ ሳቀ፦ «ታዲያ፣ ከጅማ በምን ይለያል?»

ቀበሌ ገብቶ አንድ ቀን፣ ሊቀ መንበሩን «አንቺ» ብሎ፣
ጸሐፊዋን ደግሞ «አንተ»፣ ባርኔጣውን አንጠልጥሎ፣
ደብዳቤው ተፈረመ፣ ሳቅ ማኅተሙን ቀድሞ፤
ስሙም ሂርማታን ዞረ፣ «አባ አንቺ» ተብሎ።

ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉታል፣
በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።
እሱም በየቀኑ፣ ዞር ብሎ ይፈልጋል፣
«የታለ? የቱ ነው?» ይላል።

አንዴ ጀልባ ሠራ፣ የዋንዛ ሳንቃ ልጎ፣
ቦዬ ረግረግ ወሰደው፣ በጋሪ ላይ አድርጎ፤
ጉማሬ ብቅ ብሎ፣ አየና አዛጋበት፣
ስታማቲም መለሰው፣ ጀልባውን ወደ ቤት፤
አሁን የእናቴ ጎመን፣ ለምልሞ አድጎበት።

ግን ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ ውሎ ሲያድር፣
ቆርቆሮው ሲያገሳ፣ ከጫፍ እስከ ጣሪያው ዳር፣
መብራቱን አጥፍቶ፣ «ዝም በሉ» ይለናል፣ «ባሕር።»
በጣቱ ይቆጥራል።
ሰባተኛው ማዕበል፣ ትልቁ ነው ይላል።
እኛም አብረን ቆጠርን፣
ከጊቤ በላይ ውሃ አይተን የማናውቅ።

እናቱ የሞተች ዕለት፣ እድሩ ድንኳን ጣለ፣
ለማናውቃት አሮጊት፣ ሰፈሩ «እህህ» አለ፤
ስሟን እየተሳሳትን፣ አለቀስንላት ሦስት ቀን።
ሄዶ ሲመለስ ያመጣው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው፤
«ባሕር» አለ። አባቴ፣ በጣቱ ነክሮ ቀመሰው።
«በአሞሌ ዘመን ቢሆን፣» አለ ምላሱን መጥጦ፣
«ይኼን ሁሉ ገንዘብ፣ ደጁ አፍስሶ ትቶ፣
ምን ፍለጋ ነው ጅማ፣ የመጣብን ሮጦ?»

ስታማቲ አልመለሰም።
አቮካዶ ወደቀ።

ፓስፖርቱን ምስጥ እንዳይበላው፣ ለእናቴ ሰጥቷት አደራ፣
ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ከሠርግ ልብሷ ጋራ፤
ቁልፉም በሩ ላይ ነው፣ በሻው ሰዓት ይወስዳል።
የእህቴ የሸምሲያ ግን—
(እዚህ ላይ ድምፄ ይቀንሳል)

የሷም ከተማ ትንሽ ናት፣ ባሕር ደጇን የሚልሳት፣
ያው ድመት፣ ያው ደወል፣ ያው ዓሣ፣ ያው ነፋስ ያላት፤
የሷም ፓስፖርት አለ፣ ተቆልፎ በቁምሳጥን፣
ቁልፉ ግን እመቤቷ አንገት ላይ፣ ከወርቅ ሐብሏ ጎን።
እሱ እዚህ «እንግዳ» ነው፣ እሷ እዚያ «ሠራተኛ»፣
ልዩነቱን ልጠይቀው፣ አጣሁለት አማርኛ።

አርብ ማታ ስትደውል፣ ስልኩን ይቀማናል፣
«ዛሬ ግራጫ ነው፣ ወይስ ሰማያዊ?» ይላል።
«አላየሁትም» ትለዋለች፣ «ዕቃ የማጥብበት ቦታ፣
ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፤ እሰማዋለሁ ማታ ማታ።»

ምንም አላለም።
ወንበር ላይ ወጣና፣
ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ቆርቆሮው ሥር ያዘው።
ውጭ ሐምሌ ነበር።

ያ ሁሌ «ቶሎ በሉ፣ ደቂቃው ይቆጥርባታል»
እያለ የሚነጫነጭ አባቴ፣
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
በጣቱ ይቆጥር ነበር፤
አምስት፣
ስድስት፣