ወይንስ

ጠርሙሱ ስም የለውም፤ በቁጥር ነው የመጣ፤
ኦርኔላ ጠብታ እንጂ ጉንጭ አይደለም የምታወጣ።
ጥር ነው፣ ኡዲኔ ነው፤ መስኮቱን ላብ አልብሶታል፤
ከፀሐይ ቆዳ የጋለ ነበልባል ጠብታዋን ይጠብቃታል።

የምላስ ዳኝነት ጉቦ ይበላል፤ ያረጀ ዝና ያሰክረዋል፤
ድንጋይ ግን ያለውን ሁሉ ሥር ሰምቶ ለፍሬው ያወራል፤
ፍሬው ለጭማቂው፣ ጭማቂው ለወይኑ፤
ስትሮንቲየም ነው የማይቦካው፣ ሁሉም ሲቦካ በጋኑ።

ትናንት ሠላሳ ስምንተኛው እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤
በኮረብታ ስም የሚሸጠው በሜዳ ወይን ተበረዘ፤
ኦክስጅኑ መሰከረ፦ «እኔን ያራሰኝ ዝናብ
ይህን ተራራ አያውቅም፤ የወረደው ነው በደቡብ።»
ነጋዴው ጠበቃ ይዞ መጣ። ቁጥሩ ጠበቃ አልፈራም።
ይሄ ቀላሉ ነው።

አርባ አንድ ግን።

የከሳሹ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ጎረቤት ነው የጻፈው፦
«ዝድራቭኮ ዘለላውን ከስሎቬኒያ በሌሊት ነው የሚያሳልፈው።»
ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ በአንዱ ምልክት ይደረጋል፤
ከወዲህ ነው ወይንስ ከወዲያ? ሌላ ምን ይላል።

ሦስቴ አቃጠለችው፤ ሦስቴም ያው ቁጥር ወጣ፤
ዜሮ ነጥብ ሰባት ዜሮ ስምንት፤ ጭራው እንኳ ልዩነት አጣ።

ቅዳሜ ማንኪያና ከረጢት ይዛ ኮሊዮ ኮረብታ ወጣች፤
አንድ ማንኪያ ከጣልያን፣ አንድ ከስሎቬኒያ ቆነጠረች።
ዝድራቭኮ ወይን እየገረዘ ከረድፉ መሐል ያያታል፤
ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ነጭ ድንጋይ ያሳያታል።

«የእናቴ አባት በአንድ ገመድ ከላይ እስከ ታች ተከለ፤
ጦርነቱ አልቆ ወታደር መጣ፤ ኖራ በጥብጦ ከፈለ።
ቤቱ በዚህ ቀረ፤ ላሟ ግጦሽ ላይ ሳለች ተለየች፤
ማታ ለመታለብ ስትመለስ ጥጃዋን በሽቦ አየች።
ይህን አፈር በዚህ ፖንካ፣ በዚያ ኦፖካ ይሉታል፤
ዝናብ ሲነካው ግን በሁለቱም ቋንቋ ይፈረፈራል።
ዓሣ የዋኘበት ጭቃ ነው፤ ፓስፖርት ከየት ያውቃል?»

አሻገረ? አላሻገረም?
እሷ አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም።
የቆረጠውን ሐረግ ሰብስቦ በእሳት ለኮሰ፤
ጭሱ፣ ነፋስ እንዳዘዘው፣ ድንጋዩን አልፎ ፈሰሰ።

ሰኞ ሁለቱ ማንኪያ እንደ መንትያ አንድ ቁጥር ሰጠ፤
ማሽኑ አልደከመም፤ መስመሩ ነው ከአፈር ያልሰረጠ።

አለቃዋ ቱሊዮ ደወለ፦ «የትኛው ሣጥን ነው?»
«ቆይ» አለችው።

እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ሁለቱን ሣጥን ዘለለች፤
ከወዲህና ከወዲያ መሐል ያለችውን ቃል ከበበች።
በጣልያንኛ ያቺ ቃል አንድ ክብ ፊደል ብቻ ናት፤
ክብ በክብ ውስጥ ሆነች፤ እንደ ፍሬና እንደ ልጣጩ ናት።
በእነሱ ቅጽ ላይ ያቺ ቃል ምንም ወይን አልያዘችም፤
በእኔ ቋንቋ ግን ሳትጨመቅ አትነበብም።

ቱሊዮ ይቆጣል፤ ቅጹ ይመለሳል፤ ይህን ታውቃለች።
ከጠርሙሱ ግማሽ ተርፏል። ደንቡ አይፈቅድም። ቀዳች።
በመለኪያ ብርጭቆ፣ ቆማ፣ አንድ ጉንጭ።
ጨው ጨው አላት፤
ወይም መሰላት።