የልቤ ዕድሜ

ደላላው ሲቀንስ አሥር ዓመት ከዕድሜዬ፣
ደስ ብሎኝ ነበረ፣ ልጅ መሰልኩኝ ብዬ።
ፓስፖርቴ አርባ ይላል። በእናቴ ቆጠራ
ሃምሳን ረግጫለሁ በዘንድሮው አዝመራ።

ሻርጃ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ለባለቤት፣
ለእኔ ደረጃው ነው፣ ከምድር እስከ ማድቤት፤
የሩዝ ከረጢት፣ የውሃ ካርቶን፣
ቀን በቀን፣ በቀን።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር የጀመረኝ።
ሕመም አልለውም፤
ደረቴ መሃል ሰው ቁጭ ያለ መሰለኝ፣
ስቆም ተነሥቶ የሚሄድ፣
ስወጣ ተመልሶ የሚከብድ።

ጨጓራ ነው አልኩ።
ጨጓራ የሌለው ያገሬ ሰው ማን አለ?
በርበሬ ተውኩ፣ አብሽ በጠበጥኩ።
መንጋጋዬን ሲይዘኝ፣ የጥርስ ነው አልኩ።
ግራ ክንዴ ሲዝል፣ ድስቱ ከብዶ ነው አልኩ።
ሁሉን ነገር ልብ አልኩ፤
ልቤን ብቻ ነበር ልብ ያላልኩት።

በረመዳን መጨረሻ የማድቤቱ ውሃ ቀጠነ።
ቧንቧ ሠሪው ኩንጁ፣ የኬራላው ሰው፣
ቱቦውን ቆርጦ በመብራት አሳየኝ፤
ጨው እንደ ድንጋይ ረግቶ፣
አውራ ጣት የሚያስገባው የመርፌ ዓይን አክሎ።
«ታንከሩ ሙሉ ነው» አለኝ በተሰባበረ አረብኛ፣
«ውሃ አለ። መንገድ የለም።»
ሳቅሁለት፤ ሻይ ቀዳሁለት።

በዒድ ማግሥት ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።
በኤሲው መሃል፣ ላብ። ቀዝቃዛ ላብ።
ማዳም ራሷ ነድታ ክሊኒክ አደረሰችኝ።
ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ፤ ከማሽኑ ወረቀት ወጣ፣
ተራራና ገደል፣ ፊደሉን የማላውቀው ደብዳቤ።

ሐኪሙ «ዕድሜ?» አለኝ።
«አርባ» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።
ወረቀቱን አየ። እኔን አየ።
«ለልብሽ የሚደርሰው ደም አንሷል።
ደም የተነፈገ ጡንቻ ይሞታል፤
የሞተው ደግሞ አይመለስም።
በአርባ ዓመት ሴት ላይ ይህን ብዙ አላይም።
እርግጠኛ ነሽ?»

እውነቱን ብናገር ወረቀቴ ይፈርሳል፤
ወረቀቱን ብናገር፣ የሚፈርሰው ሌላ ነው።
ዝም አልኩ።
ደላላው ለፓስፖርቴ እንጂ
ለልቤ አልቀነሰለትም፤
እሱ ደረጃውን ሁሉ በእናቴ አቆጣጠር ቆጥሮታል።

ነርሷ ጤፍ የምታህል ክኒን ከምላሴ ሥር አኖረች።
«አትዋጪው። አትናገሪ። ይሟሟ።»
ምላሴ ሥር፣
ከዚያ ከአሥር ዓመቴ ጎን።

ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰው ልነሣ ልነሣ ሲል
ስልኬ ጠራ። ልጄ ነው፣ ከኮምቦልቻ።
«እማ፣ ደህና ነሽ?»
ጨጓራ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ክኒኑ ገና አልሟሟም።