የባትሪ ድንጋይ

ዳርትመዝ ላይ ነፋስ ሊመጣ ነው አሉ፤
ስም አውጥተውለት፣ ቀን ቆርጠውለት፣ እንግዳ ይመስል ይጠብቁታል ሁሉ።
እኔም ከሥራ ስወጣ ሃርድዌር መደብር ገባሁ፤
ዘጠነኛው መደዳ ላይ ከመብራቶች ፊት ተገትሬ ቀረሁ።

አንዱ በሺህ ሉመን፣ አንዱ በሦስት ሺህ ይፎክራል፤
አንዱ ግንባር ላይ ይታሰራል፤
አንዱ እጀታው ሲዘወር ይበራል፣
ክንድ ላለው ሰው መሆኑ ነው፤
አንዱ ቀይ ያበራል፣ ለምን እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።
የአልካላይኑ መደርደሪያ ጥርስ እንደሌለው ድድ ባዶ ቀርቷል፤
ከሳጥኖቹ አንዱ «ሌሊቱን ቀን አደርጋለሁ» ብሎ ምሏል።
ማለ፤ አመንኩት። ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁ፤
ጨለማን አስሬ የምወስድ ይመስል ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ኤልዳና ሳጥኑን ገልብጣ፣
ደቃቁን ጽሑፍ ልታነብ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣
«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።
«ለአንድ ሩብ ጉዳይ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።
«የግድግዳውን አይደለም እማዬ፣ የሱን ነው የጠየቅኩሽ፤
ምን ያህል ያበራል ሳይሆን እስከ መቼ ነው የምልሽ።»

እሷ ግን ከወር በፊት፣ ያውም ከኪሷ አውጥታ፣
ስምንት ኒኬል ድንጋይ ገዝታ፣
በጥፍር ቀለሜ ቁጥር ጽፋ፣ ጥንድ ጥንዱን ለይታ፣
ቻርጅ አድርጋ አስቀምጣለች።
«አሮጌና አዲስ አይጠመድም፣ ደካማው ብርቱውን ይጎትታል» ትለኛለች፤
በሬ አይታ የማታውቅ ልጅ ስለ ጥማድ ታስተምረኛለች።

«ለምንድነው ግን ድንጋይ የምትሉት?»
እኔ እንጃ። ሲያልቅ ስለሚጥሉት?
እኛ እንኳ ቶሎ አንጥልም ነበር፤ በጥርስ ነክሰን፣
ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሙቀን፣
የግማሽ ሰዓት ዜና እናገኝ ነበር ለምነን።
«ይሄማ ቻርጅ አይባልም» ብላ ሳቀች።
አይባልም። ራዲዮኗ ግን ተናግራለች።

ማታ ሜፕሉ ሽቦው ላይ ወደቀ። መብራት ሄደ።
በኛ አፍ መብራት አይሞትም፣ ይሄዳል፤
የሄደ ደግሞ ይመጣል።

ጉረኛዬን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት፤
ሳሎኑን እንደ ፖሊስ ገባበት።
ደረሰ ፊቱን በክንዱ ከልሎ «የምን ምርመራ ነው?» አለ፤
የግድግዳው ስንጥቅ፣ የሶፋው እድፍ፣ ገመናችን ሁሉ አደባባይ ዋለ።
ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ። ከዚያ ድርግም።
እንሙላው ብንል ሶኬት ይፈልጋል፣
ሶኬቱ ደግሞ ከሱ ጋር አብሮ ጨልሟል።

ኤልዳና ትንሿን ባትሪ ዝቅተኛው ላይ አድርጋ አመጣች፣
ውሃ ከሞላ ነጭ ጀሪካን ሥር ሸጎጠች።
ውሃው ብርሃኑን ጠጥቶ ለቤቱ አካፈለው፤
መጽሐፍ አያስነብብም፤
የሰው ፊት ግን ይለያል፣ ሌላ ምን አለ የሚፈለገው?

በሁለተኛው ሌሊት ወይዘሮ ማክኒል ከታች ፎቅ
ግድግዳ እየዳበሱ ወጡ።
የራዲዮናቸው ድንጋይ መሳቢያ ውስጥ አርጅቶ ነጭ ዱቄት ተፍቷል።
«ሁለት ይኖራችኋል?»
ኤልዳና ወደ እኔ አላየችም።
አምስትና ስድስትን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

ሦስተኛው ሌሊት ቆጣቢ ሆንን፤ ጥንድ ሲደክም ጥንድ ይተካል፣
ለመታጠቢያ ቤት ተራ ይያዛል፣
የቀረው በጨለማ ይወራል።
ደረሰ ከተጋባን ጀምሮ የደበቀኝን፣
የመጀመሪያ ደሞዙን የት እንዳጠፋ ነገረኝ፤
ስቄ ስቄ ጎኔን አመመኝ።

በአራተኛው ቀን መጣ። ፍሪጁ አጉረመረመ፤
ማንም ሳይነካው ቴሌቪዥኑ ከመሃል ጀምሮ ወሬውን ቀጠለ።

ጉረኛው አሁን ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው፣
ሦስት ሺህ ሉመኑን አቧራ አልብሶ።
ቻርጀሩ ላይ ስድስት ድንጋይ ተሰልፏል፣
ሁለት ቦታ ክፍት ነው።
ማታ ማታ ከታች ፎቅ ራዲዮ ይሰማል።
አልጠየቅናቸውም።