ከፊል

ማናማ፣ ስምንተኛ ፎቅ። በማግኔት ተይዛ
ከፍሪጁ በር ላይ ታየኛለች ፈዛ፤
ብርቱካን ላምቤቦ፣ የሾኔ ተማሪ፣
ሹራቧ ሰፊ፣ ከሥሯ ስድስት አሃዝ ቁጥር፤
ማዳም ሺኒ ናት የሷም የኔም አሳዳሪ።
ለእሷ ስፖንሰር ነች፣ በጸሎት፣ በምስል፤
ለእኔም ስፖንሰር ነች፣ ዐረቡ ሲጠራው ከፊል።

አርብ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣
«የናንተ ፊደል ነው፣ አንብቢልኝ» አለች፣ ዓይኗ በደስታ ሲደምቅ።
ትርጉሙ ተያይዟል፦ «ሁላችን ደህና ነን፣
እግዚአብሔር ይመስገን።»
የልጅቷ እርሳስ ግን፦

«የገዙልን ፍየል ክረምት ላይ ሞተች፤
እማዬ እርስዎ ወዳሉበት ዐረብ አገር ሄደች።
ስልኳ አይነሳም። ካገኟት መንገድ ላይ፣
ፍንጭት ናት፣ የፊት ጥርሷ፣ ከላይ።»

ከፊሉን አነበብኩ፣
ከፊሉን ዋጥኩ።
«ደህና ናቸው» አልኳት። ምን ልበል?
እኔስ ለእናቴ በየወሩ ስደውል
ከዚህ የተሻለ መቼ ተርጉሜ አውቃለሁ!

ማዳም ወረቀቱን ስማ አጠፈች፤
ከመሳቢያው ከታ ቆለፈች፣
ከፓስፖርቴ ጎን።