ምትክ

ቤርሼባ፣ ሰፈር ዳሌት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣
የበረሃ አቧራ በበር ሥር ሳይፈቀድለት እየገባ፣
ጠዋት የወለወልሁት ጠረጴዛ ቀትር ላይ ቢጫ ሲለብስ፣
እንጉዳይ መጣች ኮምፒውተሯን ይዛ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ
እንዳደረ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ።

«ያበራል» አለች፤ «ያበራና ድርግም ይላል ሳልነካው።
የዕድሩን መዝገብ ሦስቴ ጀመርሁ፣ ሦስቴም ግማሽ ላይ በላው።»

ጆሮዬን ወደ ብረቱ አስጠጋሁ፤ ማራገቢያው ጉሮሮውን
አቧራ የዘጋው ሽማግሌ ነው፣ እየቆጠበ ትንፋሹን።
አሸተትሁት። ዓሣ ዓሣ ይላል፣ የከረመ ዓሣ፤
ውስጡ ያበጠ ነገር አለ፣ ሊፈነዳ የተነሣ።

«መቼ ተገዛ?»
        «የልጅ ልጄ ሊኦር አንደኛ ክፍል ሲገባ።»
«አሁንስ?»
        «ወታደር ነው፤ አልጋው ለእግሩ አልበቃ ብሎ ከወንበር ጋር ተጋባ።»

አሥራ ሁለት ዓመት! ርካሹ በአምስት ዓመቱ ነው የሚደክም፤
ደህናው ሰባት፣ ስምንት ይሄዳል፤ ምርጡ አሥር ዓመት ቢሸከም
በዋስትናው ወረቀት ምሎ ነው። ያም አየሩ ደግ ሲሆን።
እዚህ ሻራቭ ይነሣል፤ ሙቀት አሥር ዲግሪ ሲጨምር፣ ዕድሜውን
እንደ ዳቦ ለሁለት ይገምሰዋል።

በዚህ አገር ስሙ ሳፓክ ነው፣ ኃይል አቀባይ ማለት።
ሳፌክ ደግሞ ጥርጣሬ፤ ነጥብ ካልተጨመረበት
በጽሕፈት ዓይን አይለያቸውም። ቋንቋው ገና ሳይፈታልኝ፣
«ጥርጣሬ፣ አንድ ፍሬ» ብዬ ደረሰኝ ሳነብ አለቃዬ ሳቀብኝ።
አሁን ሳስበው ልክ ነበርሁ።

«ክፈተውና አራግፈው» አለች። አይ እንጉዳይ! ይህ ሣጥን
ከሶኬት ተነቅሎም ቂሙን አይረሳ፤ ይዞ ይቆያል እሳቱን።

«ታዲያ እየሠራ ይጣላል? እየሠራ?» ዓይኗ መሬት ወረደ።
«እኔንም ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት፣ ክንዴ ገና ሳይርድ፣ ሰው እንደ ለመደ
ነው ‹በቃሽ› ያሉኝ። ኬክ ቆረሱልኝ።»

ምን ይባላል? ዝም አልሁ። የጠመንጃ መፍቻ ሳይሆን የብሎን መፍቻ ይዤ
ሰውን ማጽናናት አልተማርሁም። ቆየሁና፣ ትንሽ ተክዤ፣
«ለእሱ አይደለም» አልኋት፤ «ለጎረቤቶቹ ነው የምፈራ።
ደጉ ሲሞት በሩን ዘግቶ ነው፣ ማንንም ሳይጠራ።
ክፉው ግን ብቻውን አይሄድም፤ ቦርዱን፣ ዲስኩን አስከትሎ፣
የከፈለውን፣ ያልከፈለውን፣ የዕድርሽን ስም ሁሉ ጠቅልሎ
በአንዲት ብልጭታ ይወስዳል።»

«ይተካ?» አልኋት። ይህ ቃል ሁሌም ምላሴን ይይዘኛል።
ከእኔ በፊት የተቀበረ አለ፤ ስጠራ እሱ ይሰማኛል።
እናቴ ምትኩ ብላኛለች። እዚህ የመዘገበችኝ ጸሐፊ
«ይከብዳል» ብላ ሞቲ አለችኝ፣ በፈገግታዋ አላፊ አግዳሚ
የምታስደስት ልጅ ነበረች፤ ክፋት የላትም። እናቴ ግን
ሞት ያለበትን ስም ሰምታ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰችም።

አዲሱን ገጠምሁት። በራ። ድምፁ እንደ ጠገበች ድመት።
በጎኑ ላይ በማርከር ጻፍሁ፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረት።
«በሰባት ዓመት አምጪልኝ፣ ሳይታመም።»
«እኔ ከኖርሁ» አለች፤ ሳንቲም ቆጠረች፣ አንድ ሰቅል ጎደላት፣ አልጠየቅሁም።
«ያረጀውን ለእኔ?»
«ተይው እዚሁ።»

ስትወጣ በሩን አልዘጋችም።
ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት፣ ከሌሎቹ ሬሳዎች ተርታ።
ነፋስ ገባ፣ ያ የበረሃ ነፋስ፤ እኔ ወደ ሥራዬ ስመለስ በዝግታ፣
ገመዱ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከምንም ጋር ሳይያያዝ፣
የሞተው ማራገቢያ
መዞር ጀመረ።